«እችላለሁ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ከዓመታት በፊት ለአንድ ሥራ በስልክ ቃለ መጠይቅ ተደረገልኝ። ጠያቂዋ እሑድ እሑድ መሥራት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሥራውን ክፉኛ እፈልገው ስለነበር «ካን» የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርጌ፣ «አይ ካን ዎርክ ኦን ሰንዴይስ» አልኳት። እሷም ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «ኦው፣ ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም» ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። እኔ ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ፤ ሥራው ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። ምን ተፈጥሮ እንደነበር የገባኝ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደዚያው ስናገር ሰምቶ፣ «ቆይ፣ እችላለሁ ነው አልችልም ያልከው?» ብሎ አፋጠጠኝ። ለካ ያቺ ሴትዮም የሰማችው «እሑድ አልችልም» የሚል ሳይሆን አይቀርም!

ዛሬ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህን የመሰለ ስህተት የማልሰማበት ሳምንት የለም። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው፤ «ካን ማለት መቻል» ተብለን፣ ደብተራችን ላይ ገልብጠን፣ ገና በልጅነታችን ጨርሰነዋል። ግን የእኛ «መቻል» ብቻውን ብዙ ቦታ ይሠራል። እንግሊዝኛው ያንኑ ሥራ ለ«ካን»፣ ለ«ኩድ»፣ ለ«ኤብል ቱ»፣ ለ«ማኔጅ ቱ» እና ለሌሎችም አከፋፍሎታል። ደግነቱ፣ እንግሊዝኛው የሚለያያቸውን አብዛኛዎቹን ነገሮች አማርኛም ይለያያቸዋል፤ እኛ ልብ ብለናቸው አናውቅም እንጂ። ስለዚህ እያንዳንዱን እርምጃ ከአማርኛው ዓረፍተ ነገር እየተነሳን እንሄዳለን።

እንግሊዝኛውን እንደሚሰማ አድርጌ በፊደላችን ጽፌዋለሁ። እርስዎ ደብተር ይያዙና በላቲኑ ይገልብጡት፤ ከዚያ ድምፅዎን አውጥተው ይበሉት። ቤተሰብ ቢስቅ ይሳቅ።

እርምጃ 1፦ «መ»ን ይጣሉ

«መዋኘት እችላለሁ» ይበሉ። አሁን «መዋኘት» የሚለውን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። «ቱ ስዊም» አሉ አይደል? ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ነው፤ «መ» ባለበት ሁሉ «ቱ» ይገባል። ከዚያ «እችላለሁ»ን ስንጨምርበት «አይ ካን ቱ ስዊም» ይወጣል። ይህ ስህተት ነው፤ ምንጩም ያቺ «መ» ናት። ከ«ካን» በኋላ ግሱ ራቁቱን ይመጣል፦ «አይ ካን ስዊም»። «ሺ ካን ኩክ»። «ዜይ ካን ሪድ»።

የ«ካን» ሌላው ጠባይ ለማንም አለመለወጡ ነው። እኛ እችላለሁ፣ ትችላለህ፣ ትችያለሽ፣ ይችላል፣ ትችላለች፣ እንችላለን፣ ይችላሉ እያልን እናረባዋለን። «ካን» ግን ለሁሉም ያው «ካን» ነው። «ሂ ካንስ» የሚባል ነገር የለም። ጥያቄና አሉታ ሲሆንም «ዱ» የምትባለዋን ረዳት አይጠራም፤ «ዱ ዩ ካን ድራይቭ?» ሳይሆን ቃሉን ወደ ፊት አምጥቶ «ካን ዩ ድራይቭ?» ነው። «አይ ዶንት ካን» ሳይሆን «አይ ካንት» ነው። ሳያሳጥሩ «ካኖት» ብለው የሚጽፉ ከሆነ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው እንደ አንድ ቃል ይጻፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ ብቻ የሚመስል ወጥመድ አለ። «እንግሊዝኛ እችላለሁ»፣ «ዋና ይችላል»፣ «ኮምፒውተር ትችያለሽ?» እንላለን። አማርኛው «መቻል» ስም ብቻውን ይበቃዋል። እንግሊዝኛው አይበቃውም፤ ግስ ይፈልጋል። «አይ ካን ኢንግሊሽ» ሲሉ ሰሚው ቀጣዩን ቃል እየጠበቀ አፍ አፍዎን ያያል። እናም «አይ ካን ስፒክ ኢንግሊሽ»፣ «ሂ ካን ስዊም»፣ «ካን ዩ ዩዝ ኤ ኮምፒውተር?» ይበሉ። የሚገርመው፣ «ካን» በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ «ማወቅ» ነበር፤ ያኔ ቢሆን ኖሮ የእኛ አነጋገር ያስኬድ ነበር። የቅርብ ዘመዱ ጀርመንኛ እስከ ዛሬ «ኢሽ ካን ዶይች» ይላል፤ ቃል በቃል «ጀርመንኛ እችላለሁ» ማለት ነው። ጀርመን አገር ያሉ ወገኖቻችን ጀርመንኛ ሲናገሩ በአማርኛው መንገድ ይሂዱ፤ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ግሷን አይርሱ።

እርምጃ 2፦ ሳድስን ይጠቀሙ

የስልኩ ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። «ካን» ሁለት አነባበብ አለው። አንዱ የምናውቀው ደማቁ «ካን» ነው። ሁለተኛው፣ በተራ ንግግር ውስጥ የሚበዛው፣ ተውጦ የሚነገረው ነው። ለዚህኛው ፊደላችን ግሩም መሣሪያ አለው፤ ሳድሱ «ክ»። «አይ ክን ዎርክ» ብለው ይበሉት። «ክን»ን ቶሎ አልፈው ክብደቱን «ዎርክ» ላይ ይጣሉ። ብዙ የሌላ አገር ተማሪዎች ይህን ድምፅ ለማውጣት ሲቸገሩ አይቻለሁ። እኛ ግን ክንድ፣ ክንፍ፣ ክንብንብ እያልን ያደግን ሰዎች ነን።

አሉታው «ካንት» ግን አይዋጥም፤ ሁልጊዜ ይረገጣል። ችግሩ አሜሪካኖች መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ብዙ ጊዜ አፋቸው ውስጥ ያስቀሯታል፤ ጆሯችን የሚሰማው «ካን» ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለእነሱ ጆሮ ልዩነቱ ያለው «ት» ላይ አይደለም፤ የተዋጠ ከሆነ «እችላለሁ»፣ የተረገጠ ከሆነ «አልችልም» ነው። እኔ በስልክ «ካን»ን ስረግጥ የሆነውም ይኸው ነው። እንግሊዞቹ ጋ ነገሩ ይቀላል፤ «ካንት» ሲሉ «ካ»ን ረዘም አድርገው ስለሚጎትቱት ከ«ካን» ጋር አይምታታም።

ታዲያ ደማቁ «ካን» መቼ ነው የሚያስፈልገው? ከኋላው ግስ ሳይከተለው ሲቀር። «ካን ዩ ድራይቭ?» ሲባሉ «የስ፣ አይ ካን» ብለው ደምቀው ይመልሱ። ባራክ ኦባማ በ2008ቱ የምርጫ ዘመቻ ከሕዝቡ ጋር ሲያስተጋቡት የነበረው «የስ ዊ ካን» ድምቀት ያገኘው በዚሁ ደንብ ነው፤ ከ«ካን» በኋላ ምንም የለም። ሌላው፣ ሰው አትችልም ብሎ ሲከራከርዎት ነው፤ ያኔ እንደ ልብዎ ይርገጡት።

ልምምዱ ቀላል ነው። ስልክዎ ላይ ድምፅዎን ይቅዱ፤ «አይ ክን ካም ቱሞሮው»፣ ከዚያ «አይ ካንት ካም ቱሞሮው»። ቅደም ተከተሉን አቀያይረው ስድስት ጊዜ ይበሉትና እንግሊዝኛ ለሚችል ወዳጅዎ ይላኩለት። የቱ እችላለሁ፣ የቱ አልችልም እንደሆነ ይንገርዎት። ከስድስቱ ሁለቱን ከሳተ ገና ነው። ቁም ነገር ያለው ጉዳይ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ቀጠሮ ወይም ሥራ፣ በአንድ ቃል ላይ አይንጠልጠሉ፤ «የስ፣ አይ ክን ዎርክ ሰንዴይስ። ሰንዴይ ኢዝ ፋይን ፎር ሚ» ብለው ይድገሙት።

«ኩድ»ን በተመለከተ፣ መሃሉ ላይ ኤል የምትባል ፊደል ተጽፋለች፤ አትነበብም። «ኩልድ» የሚሉ መምህራን አጋጥመውኛል። ፊደሏ ድሮ እዚያ አልነበረችም፤ «ውድ» እና «ሹድ» ከሚባሉት ጎረቤቶቹ ጋር ለማመሳሰል ኋላ የገባች ናት።

እርምጃ 3፦ «እችል ነበር» ወይስ «ቻልኩ»?

እዚህ ጋ ትንሽ እንቀመጥ። በመቻል ዙሪያ ከምሰማቸው ስህተቶች ግማሹ ኃላፊ ጊዜ ላይ ነው።

አንድ ማታ የምናስተምርበት ሕንፃ ላይ መብራት ጠፋና እኔና ሦስት ተማሪዎች በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ሊፍት ውስጥ ቀረን። ዘበኛው አዛውንት ናቸው። በጉልምስናቸው አንድ ኩንታል እህል በአንድ ትከሻ መሸከም ይችሉ እንደነበር ሁልጊዜ ያጫውቱናል። ያን ማታ ከታች «አይዟችሁ!» እያሉ መጡ፤ ብረት ፈልገው፣ በሩን ፈልቅቀው፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሊያወጡን ቻሉ። በማግስቱ አንዷ ተማሪ ታሪኩን ለክፍሉ በእንግሊዝኛ ስትተርክ «ሂ ኩድ ኦፕን ዘ ዶር» አለች። እኔም የሚያዳምጥ እንግሊዛዊ መስዬ ጠየቅኋት፦ «ታዲያ ከፈቱት?» ግራ ገባት። «ውስጥ ነበርን እኮ ቲቸር፣ ከፍተውት አይደል የወጣነው!»

አማርኛዋን እንይ። «ኩንታል መሸከም ይችሉ ነበር።» «በሩን መክፈት ቻሉ።» ማንም አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ሁለቱን አያቀያይርም። «ይችሉ ነበር» ስንል በዚያ ዘመን አብሯቸው የነበረ ጉልበትን ነው፤ የትኛውን ኩንታል፣ የትኛው ቀን እንደተሸከሙት አልተነገረንም። «ቻሉ» ስንል ግን ነገሩ ተደርጓል፤ በሩ ተከፍቷል፣ እኛም ወጥተናል። እንግሊዝኛው ውስጥ ይኸው ልዩነት እንዲህ ይገባል፦ «እችል ነበር» ካሉ «ኩድ»፤ «ቻልኩ» ካሉ «ዎዝ ኤብል ቱ»። ስለ ዘበኛው የድሮ ጉልበት «ሂ ኩድ ካሪ ኤ ሀንድረድ ኪሎስ» እንላለን፤ ስለ ያን ማታው ግን «ሂ ዎዝ ኤብል ቱ ኦፕን ዘ ዶር»።

«አይ ኩድ ፓስ ዘ ኤግዛም» የሚለው የብዙዎቻችን ዓረፍተ ነገርም በዚሁ ይታረማል። ፈተናውን አልፈው ሊያበሥሩ ፈልገው እንዲህ ካሉ፣ ሰሚው «ላልፍ እችል ይሆናል» እንዳሉ ቆጥሮ «ካጠናሁ» የምትል ቃል ይጠብቃል። ማለፍ ከቻሉ «አይ ዎዝ ኤብል ቱ ፓስ» ይበሉ፤ ወይም ያለ ምንም ጌጥ «አይ ፓስድ» ይበሉና እንኳን ደስ ያለዎ ይባሉ። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው የሚያምረው።

አሉታ ላይ ድካሙ ይቀርልናል። «አልችልም ነበር» ቢሉም «አልቻልኩም» ቢሉም «ኩድንት» ይሠራል። «ትናንት ታክሲ ማግኘት አልቻልኩም» ለማለት «አይ ኩድንት ፋይንድ ኤ ታክሲ ዬስተርዴይ» ይበቃል። ታክሲ ሲገኝ ነው ጣጣው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የሕዋሳት ግሶች። እኛ ይታየኛል፣ ይሰማኛል፣ ይሸተኛል እንላለን፤ መቻል የሚባል ቃል አናስገባም። እንግሊዝኛው ያስገባል። ጎረቤት ቡና ሲቆላ «አይ ካን ስሜል ኮፊ» ነው። ስልክ ሲቆራረጥ «ይሰማሃል?» ለማለት «ካን ዩ ሂር ሚ?» ይባላል፤ «አር ዩ ሂሪንግ ሚ?» አይባልም። እነዚህ ግሶች ኃላፊ ሲሆኑ ለአንድ ቀን ነገርም ቢሆን «ኩድ»ን ይይዛሉ። ሊፍቱ ውስጥ ሆነን የዘበኛው ድምፅ ይሰማን ነበር፦ «ዊ ኩድ ሂር ሂም»። ማስታወስና መረዳትም ከእነዚሁ ጋር ይሄዳሉ።

አሁን «እችል ነበር»ን እንደገና ያንሱ፤ አንድ የደበቀው ነገር አለ። «ልጅ ሳለሁ መዋኘት እችል ነበር» አንድ ነገር ነው። «መምጣት እችል ነበር፣ ግን አልመጣሁም» ሌላ ነው። ሁለተኛው ያመለጠ ዕድል ነው፤ በእንግሊዝኛም መልኩ ይለያል፦ «አይ ኩድ ሃቭ ካም»። ከ«ኩድ ሃቭ» በኋላ ግሱ በሦስተኛው ቅርጹ ነው የሚገባው፤ «ጎን»፣ «ሲን»፣ «ቶልድ»፣ «ኮልድ» እያለ። መለያው ቀላል ነው፤ ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ «ግን» ብለው ሲቀጥሉ የሚያስኬድዎት ከሆነ «ኩድ ሃቭ» ነው። ወቀሳም በዚሁ ይገባል፤ «ልትደውል ትችል ነበር እኮ!» ማለት «ዩ ኩድ ሃቭ ኮልድ!» ነው። የ«እኮ»ን ቅሬታ እንግሊዝኛው በድምፅ ቃና ያወጣዋል፤ ቃል የለውም፣ አይፈልጉት። በንግግር ላይ «ኩዳቭ» ሲባል ስለሚሰማ «ኩድ ኦቭ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እንግሊዞቹ ራሳቸውም ይሳሳቱታል፤ እርስዎ አይከተሏቸው።

እርምጃ 4፦ «ካን» የማይገባበትን በር በ«ኤብል ቱ» ይክፈቱ

«ካን» ከሌሎች ረዳት ግሶች ጎንም ሆነ ከ«ቱ» በኋላ መቀመጥ አይሆንለትም። «ዊል ካን»፣ «ሃቭ ካን»፣ «ዎንት ቱ ካን» አይባሉም። «ቱ ካን» የሚል ሌላ ግስ አለ፤ ትርጉሙ ግን ምግብ ቆርቆሮ ውስጥ ማሸግ ነው። «አይ ዎንት ቱ ካን» ያለ ሰው ቲማቲም ሊያሽግ የተነሳ ይመስላል።

እዚህ ላይ «ኤብል ቱ» ይተካል፤ በእርምጃ 1 የጣልናት «ቱ» እዚህ ግዴታ ናት። «ከሦስት ወር በኋላ መኪና መንዳት እችላለሁ» የሚለውን ይውሰዱ። ዛሬ አይችሉም፤ ችሎታው ገና ሊመጣ ነው። «አይ ዊል ቢ ኤብል ቱ ድራይቭ» ይላሉ። «እስካሁን ልደውልላት አልቻልኩም» ካሉ «አይ ሃቭንት ቢን ኤብል ቱ ኮል ሀር» ነው። «ከልጆቼ ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት መቻል እፈልጋለሁ»፦ «አይ ዎንት ቱ ቢ ኤብል ቱ ስፒክ ኢንግሊሽ ዊዝ ማይ ቺልድረን»። «ምናልባት ልችል እችላለሁ» የምንለው ግራ የተጋባ አማርኛ እንኳ «አይ ማይት ቢ ኤብል ቱ» ሆኖ ይገባል።

ግን ይጠንቀቁ፤ ወደ ፊት የሚሆን ነገር ሁሉ «ዊል ቢ ኤብል ቱ» አይደለም። «ነገ መምጣት እችላለሁ» ሲሉ የሚወስኑት አሁን ነው፤ «አይ ካን ካም ቱሞሮው» ይበቃል። ዛሬ ያለ ችሎታን ደግሞ «አይ አም ኤብል ቱ ስዊም» ማለት ስህተት ባይሆንም ከረባት አስሮ ገበያ እንደመውጣት ነው። «ካን» ይበሉና ይገላገሉ።

እርምጃ 5፦ «እንደምንም» ሲሉ

አማርኛዎ ውስጥ «እንደምንም»፣ «ታግዬ»፣ «በስንት መከራ» የሚል ካለ እጅዎን ወደ «ማኔጅድ ቱ» ይዘርጉ። «እንደምንም በሰዓቱ ደረስኩ» ማለት «አይ ማኔጅድ ቱ ጌት ዜር ኦን ታይም» ነው። ዝናቡ፣ ሰልፉ፣ የመንገዱ መዘጋት ሁሉ ቃሉ ውስጥ አለ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ማናጀር የምንለው ሰው ስም የመጣው ከዚሁ ግስ ነው፤ ነገሩን እንደምንም የሚያስኬድ ሰው ማለት ቢሆን እንዴት ባማረ! ቀላል ነገር ላይ አይጠቀሙበት። «ቁርስ መብላት ማኔጅድ» ካሉ ሰሚው ታመው ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል።

«ተሳካልኝ» ለማለት «ሰክሲድድ ኢን» አለ፤ ከኋላው ግሱ መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ይዞ ይመጣል፦ «ሺ ሰክሲድድ ኢን ጌቲንግ ኤ ቪዛ»። ለደብዳቤና ለሪፖርት ይሻላል። «አይ ሰክሰስ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ «ሰክሰስ» ስም ነው፣ ግስ ሆኖ አያገለግልም።

እርምጃ 6፦ «አውቃለሁ»፣ «ጎበዝ ነኝ»፣ «ከዚያም አይመለስም»

ሁሉ ነገር በመቻል አይነገርም። «እንጀራ መጋገር ታውቃለች» ሲሉ እንግሊዝኛውም ማወቅ ይላል፤ ግን መሃል ላይ «ሃው» ትገባለች፦ «ሺ ኖውስ ሃው ቱ ቤክ እንጀራ»። «ሺ ኖውስ ቤክ» ካሉ ተሰብሯል። በማወቅና በመቻል መካከል ያለው ርቀትም ያው የእኛው ነው። እጅዎ በጀሶ ታስሮ ሳለ «መንዳት አውቃለሁ፣ ዛሬ ግን አልችልም» ይሉ የለ? «አይ ኖው ሃው ቱ ድራይቭ፣ በት አይ ካንት ቱዴይ»።

«በሂሳብ ጎበዝ ነው» ሲሉ ያቺ «በ» ወደ «ኢን» ትገፋዎታለች። አይገፉ፤ «ጉድ አት» ነው፦ «ሂ ኢዝ ጉድ አት ማትስ»። ግስ ከተከተለ «ኢንግ» ይይዛል፦ «አይ አም ጉድ አት ኩኪንግ»። እኛ ትምህርት ቤት «ክሌቨር ስቱደንት» ስንባል ስላደግን ለጉብዝና ሁሉ «ክሌቨር» እንላለን፤ ሰውየው ብልህ ነው ለማለት ያስኬዳል፣ ወጥ መሥራት ላይ ጎበዝ ለሆነ ሰው ግን አይሆንም።

«ኬፓብል ኦቭ» የሚለው አቅሙ አለው፣ ከማድረግ አይመለስም ለማለት ነው። ለምስጋናም ለስጋትም ይሆናል። «ይህ ልጅ ትልቅ ሥራ መሥራት ይችላል» ብለው ተስፋ ሲያደርጉበትም፣ «ከዚህ የባሰም ያደርጋል» ብለው ሲፈሩትም ቃሉ አንድ ነው።

የሥራ ማመልከቻ ወይም ሲቪ ሲጽፉ ከእነዚህ ሁሉ የሚመረጠው የትኛው ነው? የእኔ ፍርድ «ካን» ነው፤ ከኋላው የሚጨበጥ ሥራ እስከተከተለው ድረስ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን የቋንቋ ደረጃ መለኪያ ይመልከቱ። ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ደረጃዎቹን የሚያስረዳው ሰዋስው ቆጥሮ ሳይሆን ተማሪው ምን ማድረግ «ካን» እያለ ነው። ጀርመን ዜግነት ለመጠየቅ የሚፈለገው ቢ1 የሚለካውም በዚሁ ነው። እርስዎም «ጉድ ኮሚዩኒኬሽን ስኪልስ» የምትለዋን ባዶ ሐረግ ይተዉና የሚሠሩትን ይጻፉ። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ላለ አስተናጋጅ፣ «አይ ካን ቴክ ኦርደርስ ኢን ኢንግሊሽ ኤንድ አራቢክ» ከአንድ ገጽ ምስጋና ይበልጥ ያስቀጥራል።

እርምጃ 7፦ ሲለምኑ

አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ላይ ይሸከማል፤ «ልትረዳኝ ትችላለህ?» እና «ሊረዱኝ ይችላሉ?» በአንድ ጆሮ አይሰሙም። እንግሊዝኛው ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም «ዩ» ብቻ ስላለው አክብሮቱ ወደ ረዳቱ ይሸሻል። ለጓደኛ «ካን ዩ ሄልፕ ሚ?»፣ ለባንክ ሠራተኛ ወይም ለማያውቁት ሰው «ኩድ ዩ ሄልፕ ሚ?»። ይህ «ኩድ» ከኃላፊ ጊዜ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ጥያቄው ለእርስዎ ሲቀርብልዎት ግን «የስ፣ አይ ኩድ» ብለው አይመልሱ፤ «የስ፣ ኦፍ ኮርስ» ይበሉ። ፈቃድ ለመጠየቅ ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት «ሜይ አይ ጎ አውት፣ ቲቸር?» አለች፤ ዛሬም ጨዋ ናት፣ በተራ ንግግር ግን «ካን አይ» በዝቷል።

መፈተኛ

የሚከተሉትን ስድስት ዓረፍተ ነገሮች፣ ወደ ኋላ ሳይገልጡ፣ ድምፅዎን አውጥተው በእንግሊዝኛ ይበሉ።

እናቴ አራት ቋንቋ መናገር ትችላለች።
በሚቀጥለው ዓመት ያለ አስተርጓሚ ሐኪም ማነጋገር እችላለሁ።
ይሰማሃል?
ልትነግረኝ ትችል ነበር እኮ!
እንደምንም አውቶቡሱ ላይ ደረስኩበት።
የጠፋውን ፓስፖርቴን ትናንት ማግኘት ቻልኩ።

መልሶቹ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው። «ማይ ማዘር ክን ስፒክ ፎር ላንጉዊጅስ»፤ «ካን» ብለው ከረገጡት እናትዎን ቋንቋ አሳጥተዋቸዋል። «ኔክስት ይር አይ ዊል ቢ ኤብል ቱ ቶክ ቱ ዘ ዶክተር ዊዝአውት አን ኢንተርፕሪተር»። «ካን ዩ ሂር ሚ?»። «ዩ ኩድ ሃቭ ቶልድ ሚ!»። «አይ ማኔጅድ ቱ ካች ዘ ባስ»። «አይ ዎዝ ኤብል ቱ ፋይንድ ማይ ፓስፖርት ዬስተርዴይ»።

የመጨረሻው ላይ «ኩድ» ብለው ከሆነ ወደ ሊፍቱ ይመለሱ።